ጥግ ጥጉን የሚያጠቁረው ዋይድ አንግል
ጠባብ ሳሎን ውስጥ መልስ ስቀርጽ ሰዉ ፍሬም ውስጥ አልገባ አለኝ። ጀርባዬ ግድግዳ ነክቷል፤ ከዚያ ወዲያ መሸሻ የለም። ሌንስ ፊት ላይ ተገጥሞ እይታን የሚያሰፋ ባለ 0.45 ዋይድ አንግል አዳፕተር ገዛሁ። የሌንሴ መጠምዘዣ ጥርስም እንደ እሱ 37 ሚሊሜትር ስለሆነ ልክክ ብሎ ገባ። ግን አራቱም ጥግ ጠቆረ። ዙም ሳደርግ ደግሞ ፊት ሁሉ ይደበዝዛል።

መጀመሪያ ከአዳፕተሩ ሥር የነበረውን ዩቪ ፊልተር፣ ማለትም የሌንሱን መከላከያ መስታወት፣ ፈታሁት። አዳፕተሩን ወደፊት ገፍቶት ኖሯል። ጥቁሩ ቀነሰ፣ ድብዘዛው ግን ያው ነው። በመጨረሻ እስከ ጫፍ ዙም በሚያስኬድ ባለ 0.7 ቀየርኩት። የ40 ሚሊሜትር እይታ በ0.7 ተባዝቶ ወደ 28 ሰፋ (ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል)፤ ለሳሎን በቂ ነው። በቀደም ድፎው ሲቆረስ በሩ ሥር የተቀመጡት አያት እንኳ ከነነጠላቸው ገቡልኝ።

ልትገዙ ስትሄዱ ካሜራችሁን ያዙ። እዚያው ሱቁ ውስጥ ግጠሙትና ዙሙን እስከ መጨረሻው ሞክሩት።