የውሻው ድርሻ ሽንኩርት ከመግባቱ በፊት ይነሣ

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ የግቢ ውሻ የሚያድረው በትርፍራፊ ነው፦ ከማዕድ የተነሣ ፍትፍት፣ የዓሣ ጭንቅላት፣ የበዓል አጥንት። ከሰው ምግብ ለውሻ የሚስማማ ብዙ አለ። ትልቁ አደጋ ያለው ወጡ ላይ ነው። ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ጥሬው፣ የበሰለው፣ የደረቀው ሁሉ ያው ነው፤ የቱንም ያህል ቢቁላላ መርዙ አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ግራም ለግራም ሲነጻጸር ከቀዩ ይብሳል።

ውሻ በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ በላይ ሽንኩርት ከበላ ሊመረዝ ይችላል። ለ10 ኪሎ ውሻ 50 ግራም መሆኑ ነው፤ አንዲት ትንሽ ራስ ሽንኩርት። የአንድ ዶሮ ወጥ ከኪሎ በላይ ሽንኩርት ስለሚፈጅ፣ ሁለት ጭልፋ ፈትፍቶ መስጠት ከዚህ ልክ ሊያልፍ ይችላል። ሽሮም አያመልጥም፤ በወጡ ላይ ሽንኩርት ባይታይ እንኳ በሽሮው ዱቄትና በበርበሬው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ይኖራል። ምልክቱ በአብዛኛው የሚመጣው ከአንድ እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ነው፦ ድድ ይነጣል፣ ሽንት ይጠቁራል ወይም ይቀላል፣ ውሻው ይደክማል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። ያን ጊዜ የበዓሉን ፍትፍት የሚያስታውሰው የለም፤ ብዙ ውሻ ምክንያቱ ሳይታወቅ የሚጎዳው በዚህ ነው።

ስለዚህ ቁሌቱ ሳይጣድ የውሻውን ድርሻ ለይተው ያንሡ። አጥንት የሌለው የዶሮ ወይም የበሬ ሥጋ ከትፈው፣ ያለ ጨውና ያለ ቅመም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቀቅሉ። በዚያው ውኃ ዱባ፣ ካሮት ወይም የተላጠ ስኳር ድንች ይጨምሩ፤ ከሩዝ ወይም ከነጭ እንጀራ ጋር ደባልቀው፣ ቀዝቀዝ ሲል ያቅርቡ። የተቀቀለ እንቁላልና ጥቂት አይብም ይስማማሉ። ቆጮ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ሥጋና ሩዝ ብቻም ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ ካልሲየም ይጎድለዋል፤ ቡችላ በዚህ ካደገ አጥንቱ ይጎብጣል፤ እንዲህ የሚመግብ ሰው የእንስሳት ሐኪም አማክሮ ካልሲየም ይጨምርበት። ቅቤ፣ ጮማና የጥብስ ዘይት ግን ቆሽትን ያስቆጣሉ፤ ከበዓል ማግስት ሆዱን አጉብጦ ደጋግሞ የሚያስመልስ ውሻ ካዩ ይህንን ይጠርጥሩ።

ወደ ፍራፍሬ ስንመጣ፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ውሻ በቀን 600 ካሎሪ አካባቢ ይበቃዋል። ፍራፍሬና ሌላ ጣል የሚደረግ ነገር ከዚህ ከ10 በመቶ ባያልፍ ጥሩ ነው። 60 ካሎሪ ማለት ግማሽ ሙዝ፣ ወይም 100 ግራም የተላጠ ማንጎ፣ ወይም 200 ግራም ፍሬው የወጣለት ሐብሐብ ነው። ፓፓያ፣ አናናስና ዘይቱንም ቆዳቸው ተልጦ፣ ፍሬያቸው ወጥቶ በትንሹ ይሰጣሉ። አዲስ ነገር ሲያስለምዱ በቀን አንድ ዓይነት፣ አንዲት ቁራሽ ብቻ ሰጥተው ሰገራውን እስከ ማግስቱ ይመልከቱ፤ ካልቀጠነ ይቀጥሉ።

ስለ አቮካዶ ለብቻው መነገር አለበት፤ በሲዳማ ጓሮ ሁሉ አለና ወድቆ ውሻ ያገኘዋል። ሥጋው ወፍንና ፍየልን እንደሚጎዳ ውሻን አይጎዳም፤ ቢሆንም ቅባቱ ብዙ ስለሆነ ባይሰጥ ይሻላል። ዋናው አደጋ ፍሬው ነው። ድቡልቡልና አንሸራታች በመሆኑ ሳይታኘክ ይዋጣል፣ አንጀት ላይ ይሰካል። የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ሰገራ ያቆመ፣ ሆዱን ሲነኩት የሚያመው ውሻ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል፤ እስከ ነገ ልየው አይባልም። የማንጎና የኮክ ፍሬም እንደዚሁ ነው። የወደቀውን በየጠዋቱ መልቀም ከሁሉ ይቀላል።

ዓሣ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ ግን ከሐዋሳው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል የመጣው የቆሮሶ ጭንቅላትና ሆድ ዕቃ ጥሬውን አይጣልለት፤ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል። የቆሮሶ የጀርባ እሾህና የአምባዛ የጎን እሾህ ጉሮሮ ይወጋሉ። ሥጋውን ብቻ ቀቅለው፣ በጣት እየዳበሱ አጥንቱን ለቅመው ይስጡ። የዓሣ ሾርባ ሽንኩርትና ቃሪያ ስላለበት አይሆንም። የበሰለ የዶሮና የበግ አጥንትም ሲሰበር ስለት ያወጣል፤ አይሰጥም።

በበዓልና በቅርጫ ቀን የሚሠራው ስሕተት ከውሻው አልፎ ቤተሰቡን ይጎዳል። በታረደው ከብት ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ከታየ፣ ውስጡ የትል እጭ ሊኖር ይችላል። ውሻው ጥሬውን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፤ እንቁላሉ በሰገራው ወጥቶ በእጅና በአትክልት በኩል ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ልጆች ይገባል፤ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም ያንኑ ከረጢት ያበቅላል። ስለዚህ ከረጢት ያለበትን ክፍል ያቃጥሉ ወይም ውሻ በማይቆፍረው ጥልቀት ይቅበሩ። ደኅና የሚመስለውንም ቆራርጠው ቢያንስ 40 ደቂቃ ያፍሉ። የበግ ጭንቅላትም ጥሬውን አይሰጥ፤ በጎችን የሚያዞረው በሽታ በዚሁ መንገድ ይዛመታል።

ፈጽሞ የማይሰጡት እነዚህ ናቸው። ዘቢብና ወይን ኩላሊት ያቆማሉ፤ ይህን ያህል አይጎዳም የሚባል መጠን የላቸውም። በቸኮሌት 10 ኪሎ ውሻን ለከፋ አደጋ ለማድረስ 100 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ይበቃል። ቡናና የቡና አተላ ልብ ያስመታሉ፤ የጫት ገረባም ያቅበጠብጣል፣ ሙቀት ያንራል፤ ከቡና ሥርዓቱና ከጫቱ በኋላ ግቢው ይጠረግ። ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ያለበት ስኳር አልባ ማስቲካ ደግሞ የደም ስኳርን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል፤ ለ10 ኪሎ ውሻ 1 ግራም ዛይሊቶል ብቻ ይበቃል። የኦቾሎኒ ቅቤ ሲገዙም ይኸው እንዳይኖርበት ማሸጊያውን ያንብቡ። የዳቦ ሊጥ ሆድ ውስጥ ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል። የሻገተ እንጀራ፣ በቆሎና ኦቾሎኒ ጉበት የሚያጠፋ መርዝ ሊይዙ ስለሚችሉ፣ ሻጋታውን ቆርጦ ቀሪውን መስጠት አያድንም።

ከእነዚህ አንዱን ከበላ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ። ምን፣ ስንት፣ በስንት ሰዓት እንደበላ ይጻፉ፣ ክብደቱን ይገምቱ፣ ማሸጊያውን ይያዙና ወዲያው ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ሐኪሙ ለማስመለስ የሚመቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ነው። ጨው በጥብጦ ማጠጣት ራሱ ይመርዛል። ወተትና ዘይትም አያረክሱትም፤ በግድ ሲጋት ሳንባው ሊገባ ይችላል። የሚያንቀጠቅጠው ወይም ራሱን የሳተ ከሆነ አፉ ውስጥ ምንም ሳይጨምሩ በጎኑ አስተኝተው ይጓዙ።