መንጋጋ ሲያም ድባቴንና የሰውነት ምልክትን አብሮ እንዴት መመዘን ይቻላል

መንጋጋውን የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ የሚሄደው ጥርስ ሐኪም ጋር ነው። የወገብ ቁርጥማቱን፣ የልብ ምቱንና የእንቅልፍ እጦቱን ግን እዚያ አያነሳም፤ «ጥርስ ሐኪም ምን አገባው» ብሎ። ያገባዋል። ኦፔራ የተባለው የአሜሪካ ጥናት መንጋጋቸው ጤነኛ የነበሩ ሰዎችን ለዓመታት ሲከታተል፣ ቀድሞውኑ በሌላ አካላቸው ብዙ ምልክት የነበረባቸው ለመንጋጋ ሕመም ይበልጥ ተጋልጠው ተገኝተዋል። ድባቴ ሕመምን ያባብሳል፤ የሰነበተ ሕመም ደግሞ ድባቴን ይጠራል።

መጀመሪያ መንጋጋውን ይዩ። ጣትዎን ከጆሮዎ ፊት አድርገው አፍዎን ሲከፍቱ ከሥሩ የሚንቀሳቀሰው መገጣጠሚያው ነው። ቀጭ ቢልም ካላመመና ካልተቆለፈ ሕክምና አይፈልግም። ከላይኛው የፊት ጥርስ ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ በማስመሪያ ይለኩ። አብዛኛው አዋቂ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ይከፍታል፤ ከ35 በታች ከሆነ ለሐኪም ይንገሩ።

ቀጥሎ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ሕመሙን ከ0 እስከ 10 እየሰጡ ይጻፉ። ጠዋት የሚብስ ከሆነ ሌሊት ጥርስ ማፋጨት ይጠረጠራል። ወደ ማታ የሚብስ ከሆነ ግን ቀን ላይ ጥርስ መግጠም፣ ማስቲካ፣ ወይም በአንድ ጉንጭ ለሰዓታት የሚያዝ ጫት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው እርምጃ ሁለት መጠይቆችን መሙላት ነው። ፒኤችኪው-15 (PHQ-15) ያለፉትን 4 ሳምንታት የሰውነት ምልክቶች ይጠይቃል፦ ሆድ፣ ወገብ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ የልብ ምት። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 10 ከደረሰ መካከለኛ፣ 15 ከደረሰ ከባድ ነው። ፒኤችኪው-9 (PHQ-9) ደግሞ ያለፉትን 2 ሳምንታት ስሜት ከ0 እስከ 3 ይመዝናል፤ የአማርኛ ትርጉምም አለው። 10ና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው ለድባቴ መመርመር አለበት።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ እንቅልፍ የነሳውን ሰው እናስብ፦ ለእንቅልፍ 3፣ ለድካም 3፣ ለምግብ ፍላጎት 2፣ ለሐሳብ መበታተን 2 ሰጠ። 10 ሞላ፤ ግን ደስታ ስለማጣትና ስለ ሐዘን ለሚጠይቁት ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች መልሱ 0 ነው። ይህን ሰው ድምሩን ብቻ አይቶ ድባቴ አለበት ማለት ስህተት ነው። ስለዚህ ከድምሩ በፊት ሁለቱን ይዩ፤ አንዱ እንኳ 2 ወይም 3 ከሆነ ነገሩ የስሜት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። የምግቡንም ጥያቄ ሲመልሱ «ምግብ አስጠላኝ» እና «ማኘክ አቃተኝ» የተለያዩ ናቸው፤ ከጎኑ ይጻፉት። እንቅልፍና ድካም በሁለቱም መጠይቆች ስላሉ ሁለቱን ድምሮች አንድ ላይ አይደምሩ። ራስን ስለመጉዳት ለሚጠይቀው ለ9ኛው ጥያቄ መልሱ ከ0 ከበለጠ፣ ድምሩ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያው ቀን ለሚቀርብዎ ሰው ነግረው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

እስከ ቀጠሮው ድረስ በሞቀ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉንጭ ላይ ለ15 ደቂቃ ያድርጉ፤ ከቆሎና ቋንጣ ይልቅ ሽሮና ገንፎ ይሻላል። ከንፈር ይገጠም፣ ጥርስ ግን አይነካካ። በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረትና መንጋጋን አብሮ የሚያም ሕመም፣ ከ50 ዓመት በኋላም ሲያኝኩ ከሚመጣ የመንጋጋ ሕመምና ከአዲስ የራስ ምታት ጋር የሚደበዝዝ ዕይታ፣ ቀጠሮ የማይጠብቁ ድንገተኛ ጉዳዮች ናቸው።

የመድኃኒት ነገር ይጠንቀቁ። አሚትሪፕቲሊን የተባለው የድባቴ መድኃኒት ለመንጋጋ ሕመም ብዙውን ጊዜ ማታ ከ10 እስከ 25 ሚሊ ግራም ይታዘዛል፤ ይህ መጠን ለድባቴ አይበቃም። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን የተባሉት ሌሎች የድባቴ መድኃኒቶች በበኩላቸው በአንዳንድ ሰው ላይ ጥርስ ማፋጨት ያመጣሉ። መንጋጋዎ የባሰው ከጀመሯቸው በኋላ ከሆነ በራስዎ አያቁሙ፤ የጀመሩበትን ቀን ማስታወሻዎ ላይ ጽፈው ላዘዘልዎ ሐኪም ያሳዩ።