ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት፦ በስልክ ሁለቱንም ሳያጠፉ ማንሳትና ማስተካከል

በበዓል ፎቶዎች ላይ አንድ ችግር ተደጋግሞ ይታያል። ወይ ቀሚሱ ነጭ ብቻ ሆኖ የጥለቱ ክር ይጠፋል፣ ወይ ልብሱ አምሮ ፊት ይጠቁራል። ብዙ ሰው በስልኩ ርካሽነት ያሳብባል፤ ውድ ስልክም ግን ይኸንኑ ያደርጋል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ የሚገምተው ፊት ለፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ እንደሚሆን ነው። ነጭ ልብስ ምስሉን ሲሞላው ብርሃን የበዛ ስለሚመስለው ይቀንሳል፤ ፊትም አብሮ ይጨልማል። ስክሪኑን ጠይም ፊቱ ላይ ሲነኩት ደግሞ ምስሉ የጨለመ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ነጩ ይቃጠላል። የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ምስሎች አንድ ላይ የሚያዋሕደው ኤችዲአር ልዩነቱን ያጠብበዋል እንጂ አያጠፋውም።

ከሁለቱ ጥፋቶች የሚታረመው አንዱ ብቻ ነው። ተቃጥሎ ነጭ የሆነ ቦታ ላይ ምንም የተመዘገበ ዝርዝር ስለሌለ በየትኛውም አፕ አይመለስም። በመጠኑ የጨለመ ፊት ግን ዝርዝሩ ውስጡ አለ፤ በኤዲት ይወጣል። ስለዚህ ሲያነሱ ልብሱን ይጠብቁ፣ ፊቱን በኋላ ያብሩት።

ከማንሳት በፊት

ሌንሱን በንጹሕና ለስላሳ ጨርቅ ይጥረጉ። በበዓል ቀን እጅ ከቅቤና ከዘይት አይርቅም፤ ሌንስ ላይ ያረፈ የጣት አሻራ ምስሉን ጭጋግ ያለብሰዋል፣ አምፖልና ሻማ ዙሪያም ጨረር ይዘረጋል። በስልክ ፎቶ ላይ ለሚታየው ብዥታ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቀጥሎ ካሜራው ውስጥ «ቢውቲ» የሚል ማስዋቢያ ካለ ወደ 0 ያውርዱት። በብዙ ስልኮች ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በርቶ ይገኛል። ቆዳን እያለሰለሰ ያነጣል፤ ጠይም ሰው ላይ ሲሆን ፊቱን አመድማ አድርጎ የራሱን መልክ ይነጥቀዋል። በካሜራው ሴቲንግ ውስጥ «ግሪድ» የሚባሉትን መስመሮችም ያብሩ፤ ግድግዳና በር እንዳይዘም ይረዳሉ።

ብርሃኑ ከየት ይምጣ?

ከሁሉም በላይ ውጤቱን የሚወስነው ይህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ብቻ ስለምትርቅ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። ፋሲካና እንቁጣጣሽም ከዚህ ወቅት ብዙ አይርቁም። ከላይ የሚወርድ ፀሐይ ግንባርና አፍንጫን አብርቶ የዓይን ጉድጓድን ያጨልማል፤ የነጠላው ትከሻም ይቃጠላል። ከረፋዱ 4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰው ከቤት ውጭ ማንሳት ካለብዎ ጥላ ውስጥ ያስገቡት፤ በረንዳ ወይም የግንብ ጥላ ይበቃል። ቅጠሉ የሳሳ ዛፍ ሥር ግን አያቁሙት፤ ፊት ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ይሆናል። ከጠዋቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል፤ ለጠይም ፊት የተመቸ ነው።

ቤት ውስጥ ሲሆን ሰውየውን ከመስኮት 1 ሜትር ያህል አርቀው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ ገደድ አድርገው ያስቀምጡ። መስኮቱን ከጀርባው ካደረጉት ፊቱ ጥቁር ምስል ብቻ ይሆናል። ጠይም ቆዳ ቅርጹ የሚወጣው በላዩ ላይ በሚያርፈው ሰፊና ለስላሳ ነጸብራቅ ነው፤ መስኮት ይህን ይሰጣል፣ የስልክ ፍላሽ ግን ግንባር ላይ ትንሽ አንጸባራቂ ነጥብ ከመተው አያልፍም። ጨለማ በሆነው የፊት ወገን ሌላ ሰው ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ከምስሉ ውጭ ቢቆም ብርሃኑ ተመልሶ ጉንጩን ያበራዋል። ፎቶ አንሺዎች በገንዘብ የሚገዙት የብርሃን መመለሻ ሥራው ይኸው ነው።

መስኮቱ የሚሰጠው ብርሃን ከበቃ አምፖሉን ያጥፉ። የቀን ብርሃን ወደ ሰማያዊ፣ አምፖል ወደ ቢጫ ያደላል፤ ሁለቱ ሲቀላቀሉ የፊት አንዱ ጎን ቢጫ ሌላው ሰማያዊ ይሆናል፤ አንዱን ሲያርሙ ሌላው ይባባሳል። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ሸራ ያለው ድንኳን ደግሞ ሁሉንም ሰው በራሱ ቀለም ይነክራል። እዚያ መፍትሔው ወደ ድንኳኑ አፍ መጠጋት ነው፤ ከሸራው ሥር የተነሳን ፎቶ ሙሉ በሙሉ ማረም አድካሚ ነው።

አነሳሱ ደረጃ በደረጃ

1. ከሰውየው 1 ሜትር ተኩል እስከ 2 ሜትር ይራቁ። ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ ከግማሽ ሜትር በታች ሲጠጉ አፍንጫ ያብጣል፣ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስልኩ ባለ 2 እጥፍ ሌንስ ካለው እሱን ይጠቀሙ፤ ከሌለው በጣት አያጉሉ፣ በኋላ ይቁረጡት። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ከወርዱም ከቁመቱም ግማሹ ቢቆረጥ 3 ሜጋፒክስል ይቀራል፤ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር ለማሳተም ይበቃል።

2. ፊቱ ላይ ጣትዎን ተጭነው ይያዙ። በአይፎን፣ በሳምሰንግና በብዙ ሌሎች ስልኮች ትኩረቱና ብርሃኑ ይቆለፋል።

3. የፀሐይ ወይም የአምፖል ምልክት ያለበት መቆጣጠሪያ ይመጣል። ጥለቱ ላይ ያለው የክር መስመር እስኪለይ ድረስ ወደ መቀነሻው ያንሸራትቱት። ፊቱ ትንሽ ሲጨልም አይደንግጡ። በጣም ከጠቆረ ግን የጎደለው ብርሃን ነው፤ ወደ መስኮቱ ያስጠጉት።

4. ክንድዎን ከጎንዎ አጣብቀው ሁለት ሦስት ያንሱ። በቡድን ፎቶ አንድ ሰው ዓይኑን መጨፈኑ አይቀርም፤ ለ10 ሰው ከ5 ያላነሰ ያንሱ።

5. ወዲያው ከፍተው ትከሻውንና ጥለቱን አጉልተው ይዩ። ክሩ ካልታየ፣ ሰዎቹ ሳይበተኑ ይድገሙት።

ቡና ሲፈላ የእጣኑ ጭስ እንዲወጣ ከፈለጉ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጭስ የሚታየው ብርሃን ከኋላው ወይም ከጎኑ ሲመጣና ከጀርባው ጨለማ ነገር ሲኖር ነው። ማጨሻውን በመስኮቱና በእርስዎ መካከል ያድርጉት፤ መስኮቱ ራሱ ግን ምስሉ ውስጥ አይግባ። ከጀበና ወደ ስኒ የሚወርደው ቡና በአየር ላይ ጥርት ብሎ እንዲታይ ካሜራዎ «ፕሮ» የሚል ክፍል ካለው እዚያ የሻተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ 1/250 ሰከንድ ያድርጉ። ይህን በመስኮት ብርሃን ብቻ ይሞክሩ፤ ኤሌክትሪካችን በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ፈጣን ሻተር ምስሉ ላይ ጥቁር ሸንተረር ያወጣል። በአምፖል ብርሃን 1/100 ወይም 1/50 ላይ ይቆዩ።

ኤዲት ሲያደርጉ

ስናፕሲድ የተባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ነጻ ነው፤ ለዚህ ሥራም ይበቃል። የስክሪኑን ብርሃን መሐል ላይ ያድርጉ፤ ደብዛዛ ስክሪን ላይ የተስተካከለ ፎቶ ሌላ ስልክ ላይ ሲከፈት ነጥቶ ይገኛል። ቅደም ተከተሉም ልዩነት ያመጣል።

መጀመሪያ «ዋይት ባላንስ» ውስጥ ገብተው ቀለሙን ያርሙ፤ ነጠላው መለኪያዎ ነው። ወደ ቢጫ ካደላ ሙቀቱን በጥቂቱ ይቀንሱ፣ ግን ነጭ እስኪሆን አይሂዱ። በጣም ሲቀዘቅዝ የጠይም ቆዳ ቀይነት ጠፍቶ አመድ ይመስላል፤ ነጠላው ትንሽ ሞቅ እንዳለ ቢቀር ይሻላል። ከዚያ «ቲዩን ኢሜጅ» ውስጥ የደማቁን ቦታ ብርሃን የሚቆጣጠረውን «ሃይላይትስ»ን ከ20 እስከ 40 ይቀንሱ፣ የጨለማውን ቦታ የሚቆጣጠረውን «ሻዶውስ»ን ከ15 እስከ 30 ይጨምሩ። ከዚህ ካለፉ ጨለማው ቦታ ላይ ነጠብጣብ ይወጣል፣ የጥቁር ፀጉርም ጥቁረት ይጠፋል።

ፊቱን ለብቻው የሚያበራው «ሴሌክቲቭ» ነው። ጉንጩ ላይ አንድ ነጥብ ያስቀምጡ፣ በሁለት ጣት ክቡን ከፊቱ ጋር ያስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ እያንሸራተቱ «ብራይትነስ»ን ከ15 እስከ 25 ይጨምሩ። አንገትና እጅ ከፊት ጋር ካልተመጣጠኑ እነሱም ላይ ነጥብ ያድርጉ፤ የበራ ፊት በጠቆረ አንገት ላይ ወዲያው ያስታውቃል። ጥለቱ እንዲጎላ «ዲቴይልስ» ውስጥ «ስትራክቸር»ን ከ10 አያሳልፉ፤ የሚበዛ ከሆነ ቆዳን ያሻክራል። ሲጨርሱ «ኤክስፖርት» ውስጥ ቅጂ አድርገው ያስቀምጡ፣ ዋናው ሳይነካ ይቆይ።

በቴሌግራም ሲልኩ በፎቶ ሳይሆን በፋይል ይላኩ፤ በፎቶ ከላኩት መጠኑ ይቀነሳል፣ መጀመሪያ የሚበላሸውም ያ ቀጭን የጥለት ክር ነው። ማተሚያ ቤት ሲወስዱም ከቴሌግራም የወረደውን ሳይሆን ከስልክዎ ጋለሪ ያለውን ይስጡ።