አሳ ከማጥመድ በፊት ውሃውን እንዴት ማየት ይቻላል?

አንድ ኅዳር ላይ ጨለማው ሳይገፈፍ ከደብረ ብርሃን ወጥቼ አንዲት ትንሽ የመስኖ ግድብ ዳር ተቀመጥኩ። አሳ አጥማጅ ማልዶ ይወጣል ሲባል ሰምቼ ነው። ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኗል። ጋቢዬን ተከናንቤ እስከ 4 ሰዓት ጠበቅኩ፤ ቡሹ ንቅንቅ አላለም። ከብት የሚጠብቅ ልጅ መጥቶ ትንሽ ሲያየኝ ቆየና «ጋሼ፣ አሳውም እኮ ይበርደዋል» አለኝ። የመጀመሪያውን የያዝኩት 7 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ፀሐይ ባሞቀው ጥግ በኩል ነው። ከዚያ ወዲህ መንጠቆ ከመወርወሬ በፊት ውሃውን አያለሁ። ቢፈጅ አሥር ደቂቃ ነው።

1. ብርዱን ለኩ

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሸዋ ሮቢት ደግሞ ወደ 1,300 ሜትር ግድም። ጣርማ በርን ተሻግሮ በደብረ ሲና በኩል የወረደ ሰው ጋቢውን የት እንደሚጥል ያውቃል። አሳው ግን የሚጥለው ጋቢ የለውም። ቀረሶ (ቲላፒያ) የሚመቸው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ነው። ከ16 ዲግሪ በታች መብላቱን ይተዋል፤ ወደ 10 ሲጠጋ ይሞታል። ካርፕ የሚባለው አሳ ብርድ ይችላል፣ ግን ይፈዛል። ስለዚህ መጀመሪያ ግድቡ ውስጥ ምን አሳ እንደተጨመረ ጠይቁ። በዚያው ማስገሪያው በማኅበር የተያዘ መሆን አለመሆኑንም ታውቃላችሁ።

ቴርሞሜትር ስትገዙ የትኩሳቱን እንዳታመጡ። እሱ ከ35 ዲግሪ ነው የሚጀምረው። የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጥበት ተራውን ግዙና እጃችሁ እስከ ክርን ገብቶ ሁለት ደቂቃ ያዙት።

2. ንጋት ላይ የውሃውን ፊት ተመልከቱ

አሳ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። በባሕር ወለል ከፍታ 20 ዲግሪ የሆነ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ያው ውሃ 6.5 ሚሊግራም ገደማ ቢይዝ ነው። ቀን ቀን አልጌው (ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ተክል መሰል ነገር) ኦክስጅን ይሠራል፤ ሌሊት ደግሞ እሱ ራሱ ይተነፍሳል። በጣም የሚያንሰው ሊነጋጋ ሲል ነው።

በዚያ ሰዓት አሳዎች አፋቸውን ወደ ላይ አውጥተው ሲያላምጡ ካያችሁ እንዳትደሰቱ። አልራቡም፣ አየር አጥሯቸው ነው። በተለይ ሰማዩ ለቀናት ደመና ሆኖ ከሰነበተ፣ ወይም ነፋስና ብርዳም ዝናብ የታችኛውን ውሃ ካገላበጠው በኋላ ይመጣል። መንጠቆውን ሰብስቡና ለግድቡ ጠባቂዎች ንገሯቸው። ንጹሕ ውሃ የሚለቀቅ ካለ ይለቀቅ፤ ፍግ የሚጨመርበት ኩሬ ከሆነ ደግሞ ይቁም።

3. ሳህኑን አውርዱ

እኔ በጣም የምወደው ይሄን የውሃ ጥራት መለኪያ ነው። የአሮጌ ባልዲ ክዳን 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቁረጡ። እንደ ድፎ ዳቦ አራት ቦታ ከፍላችሁ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን ጥቁር፣ ሁለቱን ነጭ ቀቡ። መሐሉን ብሱና ሲባጎ አስገቡ። ከሥር ብሎን ወይም ድንጋይ እሰሩ፤ አለዚያ ይንሳፈፋል። ሲባጎው ላይ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ። ሐሳቡ የጣሊያናዊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ የአንጄሎ ሴኪ ነው፤ በ1865 እ.ኤ.አ. ነጭ ሳህን ባሕር ውስጥ እያወረዱ ነበር የውሃውን ጥራት ያዩት።

እኩለ ቀን ግድም ቀስ ብላችሁ አውርዱት። ጥቁርና ነጩ መጀመሪያ ይደባለቃል፣ ከዚያ አረንጓዴ ጥላ ይሆናል፣ ከዚያ ይጠፋል። ቋጠሮውን ቁጠሩ። ጎተት ስታደርጉት ብቅ ይላል፤ እንደገና ቁጠሩ። የሁለቱ መሐል ልካችሁ ነው።

ከ30 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ከሆነ እሰየው፤ አሳው ምግብ አለው። ከ20 በታችና ቡናማ ከሆነ ጎርፍ ያመጣው አፈር ነው። አሳው ማየት ስለማይችል ሽታ ያለው ማጥመጃ፣ ለምሳሌ አንጀት፣ አድርጉ። ከአንድ ሜትር በላይ ከታየ ደግሞ አሳውም እናንተን ያያል። ክሩ ይቅጠን፤ ጥላችሁ ውሃው ላይ አይረፍ።

4. አረንጓዴው ምን ዓይነት ነው?

እንጨት አስገብታችሁ አውጡ። እንደ ፀጉር ተንጠልጥሎ ከመጣ ችግር የለውም። እንደ ቀለም እንጨቱን ከለበጠው ግን ተጠንቀቁ። በብርጭቆ ማሰሮ ቀድታችሁ ሳትነኩት ይደር። ጠዋት አረንጓዴው ከላይ ተንሳፍፎ ካገኛችሁት መርዝ የሚያመነጨው ዓይነት ሊሆን ይችላል። ይህ ጥርጣሬ እንጂ የላብራቶሪ ውጤት አይደለም። ሆኖም በጥርጣሬም ቢሆን የዚያን ቀን አሳ አልበላም። መርዙ በመፍላት አይጠፋም። ከብትም አይጠጣ።

ከላይ በኩል የፋብሪካ ቦይ ካለና ውሃው የቀለም ወይም የኬሚካል ሽታ ካለው ምንም መለካት አያስፈልግም። ወደ ቤት።

5. ቆላ ከሆናችሁ እግራችሁን ጠብቁ

በሸዋ ሮቢት በኩል ባሉ ኩሬዎች ፊላው ሥር ትናንሽ ቀንድ አውጣዎች ካያችሁ በባዶ እግር አትግቡ። ቢልሃርዚያ የሚተላለፈው በእነሱ በኩል ነው፤ ትሉም የሚወጣው ፀሐይ ሲበረታ ነው። ቦቲ ጫማ አድርጉ።

6. ወሩን እወቁ

ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ድፍርስ ነው። ጥቅምት ላይ ይጠራል። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋው ከሰዓት በኋላ ብቻ። ግንቦት ላይ ውሃው ሲጎድል አሳው ጥልቁ ቦታ ላይ ይታጎራል። ማጥመድ በጣም ይቀላል፤ ለዚያም ነው ጥቂት ይዞ መሄድ የሚሻለው። ጾም ሲገባ ፈላጊው ይበዛል (አሳ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን ላቆየው)፤ ያኔ የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ ውሃው ላይ የሚበትን አይጠፋም። ብርብራው ትልቅ ትንሽ ሳይል ሁሉንም ይገድላል፤ በመርዝ ማጥመድ በሕግም ክልክል ነው። በመረብ የያዛችኋት ቀረሶ አፏ ውስጥ እንቁላል ካለ መልሷት። እናት ናት።

ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዲግሪውን፣ ሳህኑ የጠፋበትንና የያዛችሁትን በትንሽ ደብተር ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያው ገጽ «ኅዳር፣ ጠዋት፣ ምንም» ይላል።