የመጠጥ ውሃ ምንጭን ሲጠብቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውና ብዙዎችን የሚያታልለው ስህተት ውሃን በዓይን መመዘን ነው። ኩልል ብሎ የሚፈስ ምንጭ ጀርምም ሆነ እንደ ናይትሬትና ፍሎራይድ ያሉ በዓይን የማይታዩ ኬሚካሎችን ሊይዝ ይችላል። በባንግላዴሽ ሕዝቡን ከተበከለ የገጸ ምድር ውሃ ለማላቀቅ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጉድጓዶች ከተቆፈሩ በኋላ፣ ከብዙዎቹ የሚቀዳው ጥርት ያለ ውሃ አርሴኒክ የተባለ መርዝ እንዳለበት በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነበር። ስለዚህ ማንኛውም አዲስ ጉድጓድ ወይም ምንጭ አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት በላቦራቶሪ ሊመረመር፣ የጀርም ምርመራውም በተለይ ዝናብ በገባ ቁጥር ሊደገም ይገባል።

ሁለተኛውና በእኔ እምነት ከሁሉም የሚከፋው፣ የምንጩን ዓይን ብቻ አጥሮ ከበላዩ ያለውን መሬት መርሳት ነው። ዓይኑ በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ቧንቧ ተገጥሞለትና ተመርቆ ሳለ፣ ከላይ ያለው ተዳፋት ግን ይታረሳል፣ ከብት ይሰማራበታል፣ ፀረ ተባይ ይረጭበታል። ምንጩ የሚፈልቀው እዚያው ተዳፋት ላይ ዘንቦ ወደ መሬት ከሰረገው ውሃ ስለሆነ፣ ግንቡ የቱንም ያህል ቢጠነክር ከላይ የመጣውን ብክለት አያስቀረውም። ከባድ ዝናብ በጣለ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የቧንቧው ውሃ ከደፈረሰ፣ ጎርፍ በአፈር ውስጥ በቅጡ ሳይጣራ እየገባ ነው ማለት ነው። መፍትሔው ከምንጩ በላይ ጎርፍ የሚቀለብስ ቦይ መቆፈር፣ አጥሩን ወደ ላይ ማስፋትና ተዳፋቱን በእርከንና በሣር መሸፈን ነው። ቦዩ በደለል ሲሞላ የሚጠርገው ሰው ግን ከመጀመሪያው መታወቅ አለበት፤ አለበለዚያ በሁለተኛው ክረምት ጎርፉ ተመልሶ ወደ ምንጩ ይገባል። እንደ ባህር ዛፍ ያሉ ውሃ አብዝተው የሚመጥጡ ዛፎችን ከምንጭ አጠገብ መትከልም የምንጩን መጠን ሊቀንስ ይችላል።

የመጸዳጃ ጉድጓድን በቦታ ጥበት ሰበብ ከውሃ ጉድጓድ አጠገብ መቆፈርም የተለመደ ጥፋት ነው። ቢያንስ 30 ሜትር መራራቅ፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ ታችም ከከርሰ ምድር ውሃው የላይኛው ወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት እንዳለበት ይመከራል። ይሁን እንጂ በተሰነጣጠቀ አለት ወይም በኖራ ድንጋይ ውስጥ ብክለት ከዚህ እጅግ ርቆ ሊጓዝ ስለሚችል፣ የመሬቱን ዓይነት ሳያጠኑ በ30 ሜትሩ ብቻ መተማመን አይገባም።

ውሃን ማፍላት ለሁሉም ብክለት መድኃኒት ነው የሚለው እምነትም ሊታረም ይገባዋል። ማፍላት ጀርምን ይገድላል፤ ናይትሬትን፣ ፍሎራይድንና አርሴኒክን ግን አያስወግድም፤ እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር በቀረው ውስጥ ክምችታቸው ይጨምራል። ድፍርስ ውሃ ላይ ክሎሪን መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ጭቃው ክሎሪኑን ስለሚያባክነው አስቀድሞ ማጥለልና ማጣራት፣ ክሎሪን ከጨመሩ በኋላም ቢያንስ 30 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል።

በመጨረሻም የከርሰ ምድር ውሃን እንደማያልቅ ሀብት መቁጠር አለ። ዝናብ ከሚተካው በላይ ሲሳብ የውሃው ወለል ይወርዳል፣ ጥልቀት የሌላቸው የጎረቤት ጉድጓዶች ይደርቃሉ፣ በባሕር ዳርቻም ጨዋማ ውሃ ወደ ጉድጓዶቹ ይገባል። ጉዳቱ ሳይብስ ለማወቅ ክብደት የታሰረበት ባለምልክት ገመድ ወደ ጉድጓዱ እያወረዱ የውሃውን ጥልቀት በየወሩ መመዝገብ ይበቃል። ልኬቱ መወሰድ ያለበት ግን ጠዋት ፓምፑ ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ውሃ እየተሳበ ሳለ የሚወሰደው ልኬት ወለሉን ከትክክለኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል።