የሸማ ዐውደ ርዕይ ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከእንጦጦ ግርጌ፣ በአዲስ አበባ ሰሜናዊ ዳርቻ በሚገኘው ሽሮ ሜዳ፣ ሸማኔዎች የእጃቸውን ሥራ ዘርግተው በሚያሳዩበት ዕለት አብዛኛው ጎብኚ «ያምራል» ብሎ ያልፋል። ለሸማኔው ግን የቃሉ ክብደት የሚታወቀው ተናጋሪው ምኑን አይቶ እንዳመሰገነ ሲያውቅ ነው።

ዋነኛው ስህተት ዐይንን ጥለቱ ላይ ብቻ መትከል ነው። የጥለቱ ቀለም፣ በተለይም ወርቀ ዘቦ የገባበት ከሆነ፣ ከሩቅ ይስባል፤ የሸማኔው እጅ የሚለየው ግን በነጩ መደብ ነው። ባለቤቱን አስፈቅደው ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ ቢያደርጉት፣ ድሩ ሳይላላ ማጉም ሳይጨናነቅ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሄዱን ያያሉ። ጥለቱንም ቢሆን ገልብጠው ጀርባውን ይዩት፤ በማሽን የታተመ ከሆነ ጀርባው ደብዝዞ ይታያል፣ በእጅ የተሸመነ ከሆነ ግን ክሩ ራሱ ከወዲያ ወዲህ ሲሻገር ይገኛል።

ሁለተኛው፣ በጋቢ መካከል የሚያልፈውን ስፌት እንደ እንከን መቁጠር ነው። እኔም በአንድ ወቅት «ተቀዶ ነው ወይ?» ብዬ ብጠይቅ፣ ሸማኔው መልስ ሳይሰጠኝ ሁለት እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ አሳየኝ። መወርወሪያውን በእጁ የሚወረውር ሰው ክንዱ ከሚደርስበት የሰፋ ጨርቅ ሊሸምን አይችልምና፣ ሰፋ ያለው ልብስ ሁለት ስፋት ተጋጥሞ ይሰፋል፤ ጋቢ ሲሆን ደግሞ ተደራርቦ አራት ድርብ ይሆናል።

የክሩን ወፈር ቀጠን ማለት ጉድለት ማለትም እንዲሁ ስህተት ነው፤ በእንዝርት የተፈተለ ክር ጠባዩ ነው። ይልቁንም ጥጡን ከፍሬው ለይታ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን የፈተለችው ሴት ማን እንደሆነች ቢጠይቁ መልካም ነው፤ በየዐውደ ርዕዩ የምትረሳው እርሷ ናትና።

እጅን ሳይታጠቡ ነጭ ሸማ መንካት ማብራሪያ አያሻውም።

ሸማኔውን ሁሉ «ዶርዜ» ብሎ መጥራትም ይቅር። በርካቶቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ መሆናቸው እውነት ነው፤ ሆኖም ዶርዜ ከጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ እንጂ የሙያው ስም አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከከለከሉ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ሸማኔን ለማዋረድ የሚባለው «ቁጢት በጣሽ» የሚለው ስድብ ፈጽሞ ከአፍ አልጠፋም፤ በቀልድ መልክ እንኳ ሊነሳ አይገባውም።

በመጨረሻም፣ ሸማኔው ከሸማ መሥሪያው ሥር ባለው ጉድጓድ እግሩን ከትቶ ለጥለቱ ክር ሲቆጥር ካገኙት አያናግሩት። ቁጥሩ ከጠፋበት እንደገና ከዳር ይጀምራልና፣ ቀና እስኪል ድረስ ሰላምታውም ቢሆን ይቆይለት።