ከጉዞ ማር ገዝቶ በደህና ቤት ማድረስ

ከክፍለ ሀገር የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን ቤት አይገባም። በደብረ ሲና ያለፈ ቆሎ፣ አርባ ምንጭ የሰነበተ ሙዝ፣ ሐረር የደረሰ ሀላዋ፣ ዶርዜ የወጣ ጋቢ ይዞ ይመጣል። ከዚህ ሁሉ ቤተሰብን እንደ ማር የሚያስደስት የለም፤ መንገድ ላይም እንደ ማር የሚያስቸግር የለም። ሙዝ ሲበላሽ ለዓይን ይታያል። ማር ግን መልካም መስሎ ተገዝቶ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሳምንታት ከቆየ በኋላ አረፋ ደፍቶና ኮምጥጦ ይገኛል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ስኳር ቀላቅለው ሸጠውልሃል» ይላል። በእኔ ግምት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማሩን የሚያበላሸው ውሃ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ከምጽፈው ውስጥ ሰፊውን ቦታ የያዘው ውሃው የሚለይበት መንገድ ነው፤ ሌላው ቀላል ነው።

መቼና ከየት

በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ዋናው የማር ቆረጣ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ፣ መጭና ኑግ ካበቡ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በደቡብ ምዕራብ ጫካዎችና በሌሎች አንዳንድ አካባቢዎች ደግሞ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይቆረጣል። ጉዞዎ በእነዚህ ወራት ከዋለ ይግዙ። በሐምሌና በነሐሴ ገበያ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ የቆየ ማር ነው። መቆየቱ በራሱ ጉዳት የለውም፤ ነገር ግን ማር እርጥበትን ከአየር ይስባልና ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ባልዲ የክረምቱን እርጥበት ጠጥቷል ማለት ነው። በዝናብ ወራት ከተከፈተ ባልዲ ማር አይግዙ።

ስለ ቀለሙ ብዙ አይጨነቁ። ቀለሙ በዋነኛነት ንቧ ከቀሰመችው አበባ የሚመጣ ነው። የትግራይና የላስታ ማር ነጭ ነው፤ በከፋና በሸካ ጫካ ገተማ ከሚባለው ዛፍ የሚገኘውም እንዲሁ ነጭ ነው፤ ከመጭና ከኑግ የሚገኘው ወደ ቢጫ ያደላል። ነጩ ከሌላው ንጹሕ ነው የሚለው አነጋገር ዋጋ ለማስወደድ ካልሆነ በቀር ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

ውሃውን መለየት

ንብ ከአበባ የምትቀስመው ፈሳሽ ቀጭን ነው፤ አብዛኛው ውሃ ነው። ቀፎ ውስጥ ካስገባችው በኋላ ንቦቹ በክንፋቸው እያራገቡ ውሃውን ያተኑታል። ሲደርስ እያንዳንዱን ጉድጓድ በስስ ሰም ይከድኑታል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ለአብዛኞቹ የማር ዓይነቶች ከ20 በመቶ በላይ ውሃ አይፈቅድም። ምክንያቱም ከዚያ በላይ ሲሆን በማሩ ውስጥ ተኝቶ የነበረው እርሾ ይነቃል። ጠጅ የሚጥል ሰው ማር በውሃ የሚበጠብጠው ይህንኑ እርሾ ለማስነሣት ነው። ያልበሰለ ማርም፣ ማለት ውሃው ገና ተንኖ ያላለቀ፣ ማንም ሳይጥለው፣ ጌሾ ሳይገባበት፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

እንግዲህ ገበያ ላይ ምን ያድርጉ? የማር እንጀራው ከእነ ሰሙ ካለ መጀመሪያ እሱን ይመልከቱ። ክዳን ያለው ጉድጓድ ፊቱ ደረቅና ደብዛዛ ነው፤ ያልተከደነው እርጥብ ሆኖ ያብለጨልጫል። አብዛኛው ክፍል ከተከደነ ማሩ በስሏል። ግማሹ ክፍት ከሆነ፣ ቆራጩ ለገበያ ቀን ተጣድፎ ያልደረሰውን ቆርጦታል ማለት ነው። በመካከሉ ነጫጭ እጮች ካዩም ይተዉት። በባህላዊ ቀፎ ማሩና እጩ አብረው ሲቆረጡና አብረው ሲጨመቁ የእጩ ፈሳሽ ማሩን ቶሎ ያበላሸዋል።

የተጣራ ማር ሲሆን ምርመራው ይከብዳል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። በአክብሮት ይጠይቁ። «አባባ፣ ይህ መቼ ተቆረጠ?» የሚል ጥያቄ ሻጭን አያስቀይምም፤ የራሱን ቀፎ የቆረጠ ሰው ወሩን ብቻ ሳይሆን ምን አብቦ እንደነበረም ይነግርዎታል። ነጋዴ ከሆነ ከየት እንደገዛው ይናገራል። ሁለቱንም መናገር ካልፈለገ ወደሚቀጥለው ሻጭ ይለፉ።

ከዚያ ባልዲውን በደረቅ ማንኪያ ወይም እንጨት እስከ ታች እንዲያማስሉልዎ ይለምኑ። የላዩን ብቻ ቀምሶ መግዛት ትልቅ ስሕተት ነው። ማር ሲቀመጥ ቀጭኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወፍራሙና የረጋው ወደ ታች ይወርዳል፤ ስለዚህ ከላይም ከታችም መቅመስ ያስፈልጋል። ከላይ ነጭ አረፋ ካለ ዝም ብለው አይለፉት። አዲስ የተጣራ ማር ከማጣራቱ የተነሣ ጥቂት አረፋ ሊኖረው ይችላል። አፍንጫዎን ሲያስጠጉ የጠጅ ወይም የኮመጠጠ ነገር ሽታ ካለ ግን መፍላት ጀምሯል። የጭስ ሽታ ብቻ ከሆነ ማሩ ሲቆረጥ ንቦቹ በብዛት ታጥነዋል ማለት ነው፤ ያ የጣዕም ጉዳይ ነው፣ አያበላሽም።

አሁን ማንኪያውን ከፍ አድርገው ማሩን ያንጠባጥቡት። የበሰለ ማር እንደ ክር ሳይበጠስ ይወርዳል፤ ከታች ሲደርስ በራሱ ላይ እየታጠፈ ትንሽ ክምር ይሠራል፤ ክምሩ ቀስ ብሎ ነው የሚሰጥመው። ቀጭን ማር ግን የወደቀበትን ቦታ ሰርጉዶ ወዲያው ይጠፋል። ይህን በጠዋት ብርድ ማድረግ ያታልላል፤ ብርድ ቀጭኑንም ያወፍረዋልና። ፀሐይ ሞቅ ካለ በኋላ ቢሞክሩት ይሻላል።

ሚዛንም ይረዳል። የበሰለ ማር አንድ ሊትሩ ወደ 1.4 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ሲሞላ እንግዲህ ወደ 700 ግራም ይሆናል። የገበያ ሚዛን ጥቂቷን ልዩነት አያሳይም፤ ነገር ግን ሞልቶ ሳለ ከዚህ በጣም ካነሰ ወይ አረፋና አየር ነው የተሸጠልዎ፣ ወይ ውሃ ገብቶበታል። ይህ ቁጥር ዕቃ ሲመርጡም ያገለግላል፤ አምስት ሊትር ጀሪካን ሰባት ኪሎ ያህል ማር ይይዛል። አንዳንድ የንብ አናቢዎች ማኅበራት ዘንድ ደግሞ ሪፍራክቶሜትር የሚባል አነስተኛ መሣሪያ አለ። አንድ ጠብታ ማር ተደርጎበት በብርሃን ሲታይ የውሃውን መጠን በመቶኛ ያነባል። ከማኅበር የሚገዙ ከሆነ «በመሣሪያ ይታይልኝ» ማለት መብትዎ ነው።

በየገበያው ሰዎች የሚሠሩባቸውን ፈተናዎች እኔ አላምንባቸውም። ክብሪት ማር ውስጥ ነክሮ መለኮስ፣ ውሃ ውስጥ አንጠባጥቦ መስጠሙን ማየት፣ አሸዋ ላይ ማፍሰስ፣ ጉንዳን መጣ አልመጣ ብሎ መጠበቅ፤ እነዚህን ሁሉ በደንብ የተፈላ የስኳር ሽሮፕም ያልፋቸዋል። የረጋ ማር «ስኳር አለበት» ተብሎ መጣሉም ያሳዝነኛል። ንጹሕ ማር በተፈጥሮው ይረጋል፤ አንዳንዱ በሳምንታት፣ አንዳንዱ በወራት። ስኳር መቀላቀሉን በእርግጠኝነት የሚለየው ላቦራቶሪ ብቻ ነው። ለመንገደኛ ያለው ዋስትና የሚታወቅ ሻጭና ከእነ ሰሙ ያለ ማር ነው።

ዕቃው

ክዳኑ በጥርስ የሚጠብቅ፣ አፉ ሰፊ፣ ደረቅ የፕላስቲክ ዕቃ ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ። መንገድ ዳር የሚሰጠው ቢጫ የዘይት ጀሪካን ለማር የሚሆን አይደለም። የዘይት ሽታ በሳሙና ታጥቦ አይለቅም፤ ማሩም ሽታውን ይወስዳል። አፉም ጠባብ በመሆኑ ማሩ ሲረጋ ማውጫ ያጣሉ። ነዳጅ ወይም የእርሻ መድኃኒት ይዞ ሊሆን የሚችል ዕቃ ደግሞ በፍጹም አይንኩ። ማር አሲድነት ስላለው ዝገት የሚይዘው ቆርቆሮም አይስማማውም። የታጠበ ዕቃ ውስጡ እስኪደርቅ ሳይጠብቁ ማር አይጨምሩ፤ በብዙ ጥረት የመረጡትን ደረቅ ማር ዕቃው ጥግ በቀረች ውሃ ማበላሸት ነው የሚሆነው።

እስከ አፉ አይሙሉት፤ ሁለት ጣት ያህል ይተዉ። አፉን በወፍራም ፕላስቲክ ሸፍነው ክዳኑን በላዩ ያጥብቁ፤ ከዚያ በሁለት ፌስታል ጠቅልለው በጋዜጣ የተሞላ ካርቶን ውስጥ ያቁሙት። ዕቃው ላይ የተቆረጠበትን ወርና ቦታ ይጻፉ።

መንገዱ ላይ

ማር አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫንም። ከጅማ ስንመለስ አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ረዳቱ ወደ ላይ ወረወረባቸው። ማሩ መፍላት የጀመረ ኖሮ ከፀሐዩ ጋር ተባብሮ ክዳኑን ገፋው፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ግማሹ በሰው ሻንጣ ላይ ፈስሷል። እናት በማራቸው አዘኑ፣ ባለ ሻንጣዎቹም በእሳቸው ላይ ተቆጡ። ዕቃውን በእግርዎ መካከል ወይም ከመቀመጫው ሥር አድርገው ይጓዙ።

መንገዳችን ደግሞ በረሃ ወርዶ ደጋ የሚወጣ ነው። ወደ ጊቤ ወይም ወደ ዓባይ በረሃ ወርደው እንደገና ሽቅብ ሲወጡ በዕቃው ውስጥ የታሰረው አየር ይሰፋል፣ ክዳኑንም ይገፋል። ዳገቱ ካለቀ በኋላ ለምሳ ሲቆም ክዳኑን ለአፍታ ላላ አድርገው መልሰው ያጥብቁት። ክዳኑ ሲላላ «ፉሽ» የሚለው አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የአየሩ ነገር ነው፤ በየማረፊያው ሁሉ የሚደገም ከሆነ ማሩ እየፈላ ነውና ቤት ሲደርሱ ለጠጅ ያውሉት።

ቤት ሲደርስ

የተጣራውን ማር ለሁለትና ሦስት ቀን ሳይነኩ ያስቀምጡት። ሰፈፍና አረፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ በማንኪያ ገፈው ያውጡት። ከእነ ሰሙ የመጣውን በደረቅ እጅ አፍርሰው በወንፊት ላይ በተዘረጋ ንጹሕ ስስ ጨርቅ ያንጠልጥሉት። በራሱ ይውረድ፤ ለማፍጠን ብለው እሳት አጠገብ አያድርጉት። የተረፈውን ሰም በለብታ ውሃ ቢያጥቡት ጥሩ ብርዝ ይወጣዋል፤ ብርዙ በዚያው ቀን ይጠጣ። ሰሙን ደግሞ ውሃ ባለበት ድስት አቅልጠው፣ አጣርተው፣ ሲቀዘቅዝ ከላይ የረጋውን ያንሡ። ጧፍ የሚሠሩ ሰዎች ደስ ብሏቸው ይቀበሉዎታል። ሰም ያለ ውሃ በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ልጆች ባሉበት ቤት በተለይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ማሩ ከረጋ ከእነ ዕቃው ሙቅ ውሃ ውስጥ ያስቀምጡት። ውሃው እጅዎን ከትተው ሊያቆዩበት የሚችሉት፣ ወደ 40 ዲግሪ የሚሆን ይሁን። መቀቀል መዓዛውን ይገድላል፣ ቀለሙንም ያጠቁረዋል። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም፤ ጨለማና ደረቅ ቦታ ይበቃዋል። ጉንዳን ካስቸገረ ዕቃውን ውሃ ባለበት ሰሐን መካከል ያቁሙት። የሚጨለፍበት ማንኪያ ሁልጊዜ ደረቅ ይሁን።

ለማን ይሰጣል

ለዘመድ ሲያከፋፍሉ በትናንሽ ጠርሙስ አድርገው ወሩንና ቦታውን ጽፈው ይስጡ፤ ተቀባዩ ከየት እንደመጣለት ማወቁ ደስታውን ይጨምርለታል። አራስ ለመጠየቅ ማር ይዘው ከሄዱ ለእናቲቱ ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ጣት ነክሮ ማቅመስ እንኳ አይገባም። ማር አዋቂን የማይጎዳ፣ የሕፃን አንጀት ውስጥ ግን አድጎ ከባድ መርዝ የሚያመነጭ የባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል። ማሩን መቀቀልም ይህን ዘር አያጠፋውም። ይህን ሲሰሙ የሚቆጡ አያቶች ይኖራሉ፤ በአክብሮት ነግሮ ማሳመን እንጂ ለእነሱ ይሉኝታ ብሎ ዝም ማለት አይቻልም።

ወደ ውጭ አገር የሚሻገር ከሆነ ማር እንደ ፈሳሽ ስለሚቆጠር ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ በእጅ ሻንጣ አያልፍም፤ የሚላክ ሻንጣ ውስጥ ይግባ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች አንድ ሰው ለራሱ እስከ 2 ኪሎ ማር ይዞ መግባት ይፈቀድለታል፤ ቅቤና ቋንጣ ግን ይከለከላሉ፣ ስለዚህ ከማሩ ጋር በአንድ ካርቶን አይቀላቅሏቸው። ወደ አሜሪካ ሲገቡ ምግብ መያዝዎን በቅጹ ላይ ወይም ለጉምሩክ ሠራተኛው በግልጽ ይናገሩ። ተናግሮ የሚመጣው ከሁሉ የከፋው ነገር ማሩ መወሰዱ ነው፤ ደብቆ መገኘት ግን በገንዘብ ያስቀጣል። ለአውሮፕላን የሚሆነው የተጣራው ነው። ክዳኑን ዙሪያውን በፕላስተር ያሽጉ፣ በሁለት የተዘጋ ላስቲክ ከረጢት ያድርጉት፣ ከዚያ በልብስ ተጠቅልሎ ሻንጣው መካከል ይቀመጥ። ነጭ ነጠላ አጠገቡ አያድርጉ።